ይቅርታን ክስ ያደረገው አስተማማኝ ሶፍትዌርዎ

ለክቡር አቶ ጉልላት፣
የሕዝብ የኢንተርኔት መድረክ ማስተባበሪያ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣
ባሉበት።

ወላይታ ሶዶ፣ ጥቅምት 2004 ዓ.ም.

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰንብተዋል? ጤናዎ፣ ቤተሰብዎ፣ በተለይም በስብሰባ ብዛት ተጎድቷል ሲባል የሰማሁት ወገብዎ እንደምን ነው? ለእርስዎ ጤና የምጸልየው ከልቤ ነው፤ ይህንንም የምለው ለወጉ ያህል ሳይሆን፣ እርስዎ ታመው የቀሩ ዕለት ከጽሕፈት ቤትዎ አንዲት «ደህና ናችሁ ወይ» የምትል ቃል እንኳ ፈቃድ አግኝታ እንደማትወጣ በዓይኔ ስላየሁ ነው።

ቤቴል ሶርሳ እባላለሁ። ከመናኸሪያው ከፍ ብሎ ያለችው ኢንተርኔት ቤት የእኔ ናት፤ እርስዎም በየስብሰባው «ያቺ ነገረኛ ሴትዮ» እያሉ ስለሚያነሱኝ እንተዋወቃለን ለማለት እደፍራለሁ። ከባለቤቴ ከኤልሳዕ ጋር ሆነን «ሳሮ» የሚባለውን የኢንተርኔት መድረክ የከፈትነው እኛ ነን። ሳሮ በወላይትኛ ሰላም ማለት እንደሆነ ለእርስዎ መንገር ለቀባሪ ማርዳት ይሆንብኛል። በዚህ መድረክ ላይ ከሶዶ፣ ከዱቦ፣ ከዲምቱ፣ ከቢጠና፣ ከሀዋሳ፣ ከአዲስ አበባ፣ ከደቡብ አፍሪካም ሳይቀር በብዙ ሺህ የሚቆጠር ሰው ይጽፋል፣ ይጠይቃል፣ ይጣላል፣ ይታረቃል። ኢንተርኔት የማይደርሰው ዘመድ ላለው ሰው ደግሞ የጻፈውን አትመን ወደዚያ በሚሄድ ሚኒባስ እንልክለታለን።

በዚህ ሳምንት የጻፉልኝ ደብዳቤ በተላላኪዎ እጅ ደርሶኛል። እስከ ዓርብ ድረስ የሳሮን የይለፍ ቃል ከነአባላቱ እውነተኛ ስም እንዳስረክብ፣ በተለይም «የመዝገብ ቤት አይጥ» በሚል የብዕር ስም የጽሕፈት ቤትዎን ገመና አወጣ የተባለውን ሰው ማንነት እንዳሳውቅ፣ ይህን ባላደርግ ግን የንግድ ፈቃዴ እንደሚሰረዝ በትህትና ገልጸውልኛል። ስለ ትህትናዎ አመሰግናለሁ። መልሴን አልደብቅዎትም፤ ነገር ግን ስለ አንድ ሰው ስም ይህን ያህል ያስጨነቀዎት ጉዳይ ከየት እንደመጣ ከእርስዎ ሌላ ይህን ደብዳቤ የሚያነብ ሁሉ ይወቀው ብዬ፣ ቅሬታዎቼን እንደ ጽሕፈት ቤትዎ ወግ በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ። ጽሕፈት ቤትዎ ከሳሮ ሌላ የራሱን መድረክ ሲከፍት ለትልቅ ሕዝብ የሚሆን አስተማማኝ ሶፍትዌር የመረጡበት ጥበብ እስከ ዛሬ እንቅልፍ ይነሳኛል። እኛ ሳሮን ስንጀምር ነገሩን እንደ መሃይም ነበር የያዝነው። በነፃ ከሚገኙት ሶፍትዌሮች ጥቂቱን አውርደን፣ እኔ ረጅም ጽሑፍ እየጻፍኩ ሳለ ኤልሳዕ ድንገት ሶኬቱን ይነቅለው ነበር፤ ኮምፒውተሩ ተመልሶ ሲበራ የጻፍኩትን ጠብቆ ያልቆየኝን ሶፍትዌር እዚያው አሰናበትነው፤ በሶዶ መብራት ይሄዳል ወይስ አይሄድም የሚለውን ክርክር ለክብርዎ ስል አላነሳውም። እሑድ ከአምልኮ በኋላ ደግሞ የመዘምራኑን ወጣቶች በከተማው ኢንተርኔት ቤቶች ሁሉ በትነን በአንድ ጊዜ ግቡ ብንላቸው፣ ሌሎቹ ሶፍትዌሮች በሰው ብዛት ሲንበረከኩ አንዱ ቆመ። የግዕዙን ፊደልም ሆነ ወላይትኛ የሚጻፍበትን ላቲን አጥርቶ እንዲያሳይ፣ በትንሽ ስልክም እንዲከፈት፣ ተሳዳቢ ሲመጣ አባላቱ ራሳቸው ጠቁመው እንዲያስወጡት፣ የሠራው ሰው ነገ ቢሰለቸው ሌላው እንዲጠግነው ኮዱ ለሁሉ ክፍት እንዲሆን ፈለግን። ኤልሳዕ ደግሞ የቤት አከራይ ያስመረረው ሰው ስለሆነ፣ ከዚህ ቤት መልቀቅ ቢያስፈልገን ዕቃችንን ይዘን መውጣት እንችላለን ወይ እያለ ነበር የሚጠይቀው፤ የጻፍነውን ሁሉ ገልብጠን ወደ ሌላ ቦታ መውሰድ የማንችልበትን ሶፍትዌር ከምንመርጥ ሞቼ እገኛለሁ አለ።

እርስዎ ግን እንደዚህ ባለ የልጅ ጨዋታ ጊዜ አላጠፉም። ካቻምና በሰኔ መጨረሻ በጀቱ እንዳይመለስ ሲባል ሠርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ ሆነና ኮሚቴ ተቋቋመ፤ ኮሚቴውም ለተሞክሮ ልውውጥ ወደ ሌላ ከተማ ተጓዘ። የዓሣውን ጥብስ ማመስገኑን ሰምቻለሁ፤ ከዚያ ተርፎ ባገኘው ጊዜ ደግሞ ወደ አንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ገብቶ፣ ገቢና ወጪ ደብዳቤ የሚመዘግብ፣ ለኃላፊ የሚመራ፣ ኃላፊው ካልፈቀደ ንቅንቅ የማይል ሶፍትዌር አየና ልቡ ተሰረቀ። ሕዝብ የሚጫወትበትን መድረክ ለመገንባት የመዝገብ ቤት ሶፍትዌር መግዛት ከእናንተ ሌላ በማን አእምሮ ይመጣል? ቃለ ጉባኤያችሁ ላይ የሰፈረውን ምክንያት እርስዎ ራስዎ በምረቃው ዕለት በኩራት አንብበውልናል፤ ማንም ሰው ያለ ፈቃድ አንዳች ነገር ሊጽፍበት ስለማይችል እጅግ አስተማማኝ ሆኖ ተገኝቷል ይላል። እውነት ነው፤ ሰው የማይሻገርበት ድልድይም አይሰበርም።

ሁለተኛ። ሶፍትዌሩ ሥራ በጀመረ ሰሞን ፊደላችንን ሁሉ ባዶ ሳጥን ሳጥን አድርጎ ሲያሳየን፣ ባለሙያዎ ይህ ለምስጢር ጥበቃ ሲባል ነው ብሎ ያስረዳን አይረሳኝም። ሳጥኑ ከተስተካከለም በኋላ የሚጻፍ ነገር ሁሉ ሪፖርት፣ አቤቱታ ወይም የድጋፍ መግለጫ ከመሆን ሌላ ምርጫ አልነበረውም፤ በዚያ ላይ አንድ ለአምስት አደረጃጀቱ ከሰው ወደ ሶፍትዌሩ ተሸጋግሮ እያንዳንዱ ጽሑፍ በአምስት ሰው ታይቶ ወደሚመለከተው ክፍል እንዲመራ ተወሰነ። ሳምራ የምትባል የዱቦ ተማሪ ያለፈው ዓመት የባዮሎጂ ፈተና ያለው ሰው እንዲያውሳት ጠይቃ፣ ጥያቄሽ ለሚመለከተው ክፍል ተመርቷል የሚል መልስ ደረሳት። ፈተናው አለፈ፣ ልጅቱም ክፍል አለፈች፣ ጥያቄዋ ግን እንደተመራ ነው።

ሦስተኛውን ቅሬታ ኤልሳዕ አንብቦ ይህንንስ ለልጆቻችን ስትይ ተዪው ስላለኝ ትቼዋለሁ። እርስዎ ያውቁታል።

አራተኛ። ቀልዱን እዚህ ላይ አቆማለሁ፤ ቢያመልጠኝ ግን ይታገሱኝ።

ቢጠና ውስጥ ደገፉ የሚባል ገበሬ አለ። ታናሽ ወንድሙ መልካሙ ደቡብ አፍሪካ ነው። እናታቸው ባረፉ ጊዜ መልካሙ አልመጣም፤ አንድ ቃልም አልላከም፤ ደገፉም በለቅሶው ላይ በተሰበሰበ ሰው ፊት ከዛሬ ጀምሮ ወንድም የለኝም አለ። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ አልተነጋገሩም። ዘንድሮ የዘመን መለወጫችን ጊፋታ ሲቃረብ ሽማግሌዎች ደገፉን ለመኑት። ወላይታ ቂም ይዞ ወደ አዲሱ ዓመት አይሻገርም፤ በጊፋታ የተጣላ ይታረቃል፣ የራቀ ይቀርባል፣ ካልሆነም የበዓሉ ሥጋ በጉሮሮ አይወርድም። ደገፉም ብዙ ካስለመነ በኋላ ከጊፋታ በፊት ከወንድሜ የይቅርታ ቃል ከመጣ እቀበላለሁ አለ። ይህንን ወሬ አንድ የቢጠና ልጅ በሳሮ ላይ ጻፈውና መልካሙ ያለበት ድረስ ደረሰው።

መልካሙ እንደ ሁልጊዜው በሳሮ ጽፎ በሚኒባስ ቢልከው ኖሮ ነገሩ በማግስቱ ባለቀ። ነገር ግን እርስዎ በሬዲዮ ቀርበው በአዲሱ መድረክ የሚጻፍ የጊፋታ መልእክት ሁሉ በቀበሌ በኩል ታትሞ ለተቀባዩ እጅ በእጅ እንደሚደርስ ቃል ገቡ። መልካሙም ይቅርታዬ በሚኒባስ ረዳት ኪስ ከሚሄድ በመንግሥት እጅ ቢደርስ ለወንድሜ ክብር ነው ብሎ አሰበ። እንዲህ አድርጎ መንግሥትን የሚያምን ሰው በዚህ ዘመን ከየት ይገኛል? እርስዎ ሊሸልሙት ይገባ ነበር።

በሶፍትዌርዎ ውስጥ የይቅርታ ቦታ ስላልነበረ መልካሙ ሪፖርትም የድጋፍ መግለጫም አይደለም ብሎ አቤቱታ የሚለውን መረጠ። ከአምስቱ አንዱ ሥልጠና ሄዶ ስለነበር ጽሑፉ ሰውየው እስኪመለስ ተቀመጠ፤ ሲመለስ ደግሞ ለቅሬታ ሰሚው ክፍል ይመራ ተባለ። የቅሬታ ሰሚው ክፍል በጽሑፉ ውስጥ በደል የሚል ቃል አገኘ። በደል ካለ በዳይ አለ፤ አቤቱታ ያቀረበው መልካሙ ከሆነ ተበዳዩ እሱ ነው፤ ስለዚህ በዳዩ ደገፉ ነው ተብሎ ተወሰነ። የጻፈውን ከላይ እስከ ታች ያነበበ አንድ ሰው አልተገኘም። እሰየው፣ ሥራ እንዲህ ይፋጠናል።

በጊፋታ ዋዜማ፣ ሽማግሌዎቹ በደገፉ ቤት ተቀምጠው፣ ከብቱ ታርዶ፣ ቤተሰቡ ከወንድሙ የሚመጣውን ቃል ሲጠብቅ የቀበሌው ታጣቂ ወረቀት ይዞ ገባ። ደስ ብሏቸው ተቀበሉት። ከሽማግሌዎቹ አንዱ በሰው ሁሉ ፊት ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበው። በወንድምዎ በመልካሙ በቀረበብዎ የበደል አቤቱታ ላይ መልስዎን ይዘው እንዲቀርቡ ይላል። ደገፉ ብድግ ብሎ፣ «ወንድም የለኝም ያልኩት ለካ እውነት ነበር» አለና ወጣ። የዘንድሮን ጊፋታ አልበላም። ልጆቹም አባታቸው ያልቀመሰውን አንበላም ብለው ሥጋው ለጎረቤት ተሰጠ።

ክቡርነትዎ ከፈቀዱልኝ ስለዚህ ጉዳይ የተሰማኝን በቀጥታ እናገራለሁ፤ አንጀቴ ነው ያረረው። እናቱን ሳይቀብር የቀረ ሰው ዕድሜ ልኩን የተናነቀውን ቃል አንድ ጊዜ አውጥቶ ሲተነፍስ፣ እናንተ መጥሪያ አድርጋችሁ ወንድሙ ደጃፍ ላይ ጣላችሁት።

ከበዓሉ በኋላ ነው ‹የመዝገብ ቤት አይጥ› የሚባለው አባላችን በሳሮ ላይ የጻፈው። «እሱ» እያልኩ ብጽፍም ሴት ሊሆን ይችላልና ወንዶቹን ሠራተኞችዎን ብቻ አያሰቃዩ። የጻፈው አጭር ነው፤ መልካሙ ሆይ፣ ይቅርታህ እዚህ ጠረጴዛ ላይ ክስ ሆኗል፣ ወንድምህም ተከሳሽ ነው፣ የላክኸው ቃል ይኸውና ብሎ የመልካሙን ጽሑፍ እንዳለ አወጣው። ሳሮ በዚያን ቀን ከሳቅ ወደ ለቅሶ፣ ከለቅሶ ወደ ሳቅ ሲገላበጥ ዋለ። መልካሙም ደወለልኝና ለጋሼ አንብቢለት ብሎ ለመነኝ።

ጽሑፉን አትሜ፣ ሱቄን ለኤልሳዕ ትቼ፣ ሚኒባስ ተሳፍሬ ቢጠና ወረድኩ። ደገፉ መጀመሪያ ሌላ መጥሪያ ያመጣሁ መስሎት ነበር። እንደ ምንም አስቀምጬው አነበብኩለት። መልካሙ የጻፈው ይህን ነበር፤ «ጋሼ፣ እናታችንን ሳልቀብር ቀረሁ። የመኖሪያ ወረቀት አልነበረኝም፤ ከወጣሁ መመለሻ የለኝም ብዬ ፈራሁ፤ ከዚያ ደግሞ አፈርኩና ዝም አልኩ። በድዬሃለሁ። ብቻህን አሸክሜሃለሁ።» ደገፉ ብቻህን የሚለውን ሲሰማ ጭንቅላቱን ይዞ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ከዚያም ያስጨነቀው ነገር ምን እንደሆነ ያውቃሉ? ጊፋታ ካለፈ በኋላ የመጣ ቃል ይቆጠራል ወይ የሚለው ነበር። ሽማግሌዎቹ ተጠሩ። ቃሉ ከወንድምህ አፍ የወጣው ከጊፋታ በፊት ነው፣ መንገድ ያስቀረው እንግዳ ቀረ አይባልም ብለው ፈረዱ። የተማረ ኮሚቴ ያሰረውን ያልተማሩ ሽማግሌዎች ፈቱት ብዬ ልጽፍ ነበር፣ ነገር ግን ከመካከላቸው አንዱ ጡረታ የወጣ ዳኛ ስለሆነ ተውኩት። ዛሬ ወንድማማቾቹ በየእሑዱ ይደዋወላሉ።

አምስተኛ። ይህ ሁሉ ከሆነ በኋላ ጽሕፈት ቤትዎ ምን አደረገ? ለደገፉ የጻፈው ነገር የለም። ለመልካሙ የጻፈው ነገር የለም። መጥሪያው እንኳ እስከ ዛሬ አልተሻረም፤ ደገፉ በሕጋችሁ መሠረት አሁንም ተከሳሽ ነው። ይልቁንስ ግምገማ ተጠራና፣ ጥፋቱ ይቅርታውን ክስ ማድረጉ ሳይሆን ክስ መደረጉን መናገሩ ሆኖ ተገኘ። ሊበሏት ያሰቧትን አሞራ ይሏታል ጅግራ እንዲሉ፣ ትናንት በሥልጠናችሁ ላይ እንደ መልካም ተሞክሮ ስትጠሯት የነበረችው ሳሮ በደብዳቤዎ ላይ የኪራይ ሰብሳቢዎች መናኸሪያ ተብላለች። ስለ ሹመቱ አመሰግናለሁ፤ የመናኸሪያ ሰፈር ሰው ስለሆንኩ አልከበደኝም።

እንግዲህ ወደ መልሴ ልምጣ።

የሚፈልጉትን ሰው አውቀዋለሁ። ኤልሳዕ አላውቅም በዪና ተገላገዪ ብሎ መክሮኝ ነበር፤ ብዙ ጊዜም ጽፌ ሰርዤዋለሁ። ነገር ግን አላውቅም ብል እርስዎ ሊያውቅ የሚችል ሌላ ሰው ይፈልጋሉ፣ እኔም ከዚያ በኋላ ያንን ሰው ዓይን ዓይኑን ማየት ይሳነኛል። ስለዚህ ሳልዋሽ እነግርዎታለሁ፤ አውቀዋለሁ፣ ለእርስዎ ግን አልሰጥም። ደመወዙ ስንት ቤት እንደሚያበላ አውቃለሁ። ማንም ሳያስገድደው፣ አንድ የማያውቀው የቢጠና ገበሬ ያለ ወንድም እንዳይቀር ሲል የራሱን እንጀራ ያስያዘ ሰው ነው። እንዲህ ያለ ሠራተኛ ስላለዎት እንኳን ደስ ያለዎት፤ ጽሕፈት ቤትዎ እስከ ዛሬ ከፈጸመው ሥራ ሁሉ ሕዝብ የተጠቀመበት ያ ብቻ ነው።

የሌሎቹንም አባላት ስም አልሰጥም። አስተማማኝ ሶፍትዌር ስንመርጥ የደከምንበትን ነገር ሁሉ ከላይ ዘርዝሬልዎታለሁ፤ ሆኖም ሶፍትዌር ቢበዛ የሥራውን ግማሽ ነው የሚሠራው። የቀረው ግማሽ ቁልፉን የያዘው ሰው አፍ ነው። ያንን በበጀት መዝጊያ ማንም አይገዛውም።

የንግድ ፈቃዴን በተመለከተ፣ እፈራለሁ። ሁለት ልጆች አሉኝ፣ ሱቋም እንጀራችን ናት፤ እንደማልፈራ አድርጌ ብጽፍ ውሸት ይሆናል። ቢሆንም ፈርቼም ቢሆን አልሰጥም። ሱቋን ቢያሽጓት ሳሮ አብራ አትታሸግም፤ በእኔ ግድግዳ ውስጥ አይደለችም፣ ቁልፏም በእኔ እጅ ብቻ አይደለም። እኔን ዘግተው ይዩት፤ በማግስቱ ጠዋት በዲምቱም፣ በሀዋሳም፣ ደቡብ አፍሪካ ባለ አንድ የሱቅ ጓዳም ውስጥ ሰው ሰውን ሳሮ ሲለው ያገኙታል።

ውድ ጊዜዎን ሰጥተው እስከዚህ ድረስ ስላነበቡልኝ፣ ካላነበቡትም ለሚመለከተው ክፍል ስለመሩልኝ፣ ፈጣሪ ለወገብዎ ምሕረት፣ ለወንበርዎ ትዕግሥት፣ ከኮሚቴዎ ደግሞ አንድ እንኳ እስከ መጨረሻው የሚያነብ ሰው እንዲሰጥዎ እየተመኘሁ፣ ላዘዙት ነገር ሁሉ እምቢ በማለት የምታከብርዎ፣

ቤቴል ሶርሳ
(ነገረኛዋ)

ድኅረ ጽሑፍ፦ አቶ ደገፉ ስለዚያ መጥሪያ ይቅርታ የሚለኝ ሰው ከመጣ ቂም አልይዝም፣ ቤቴም ክፍት ነው ብሏል። እባክዎ ወደ ቢጠና በአካል ይሂዱለት፤ በሶፍትዌርዎ በኩል ከላኩት ግን ሰውየው አንድ ክስ ይበቃዋልና ይተውት።